ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በአንድ አልበም፦ የቴምብር ስብስብን ስለ ማጥበብ

የኢትዮጵያ ቴምብር አልበም ከመጀመሪያ ገጹ ሲገለጥ የሚታየው በየሰብሳቢው ቤት ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የታተሙት ሰባት ቴምብሮች ከላይ ይሰለፋሉ፤ አራቱ የዳግማዊ ምኒልክን መልክ፣ ሦስቱ የይሁዳ አንበሳን ይዘዋል። ከእነርሱ ቀጥሎ በላያቸው ጽሑፍ የተደረበባቸውና ዋጋቸው የተለወጠ ይመጣሉ፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1919ኙ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስና ሰጎን። ንግሥት ዘውዲቱ፣ ራስ ተፈሪ፣ የ1923 ዓ.ም. ዘውድ መጫን፣ የጣሊያን ዘመን፣ ድሉ፣ ቢራቢሮው፣ የላሊበላ መስቀል፣ አብዮቱ እያለ ገጹ ይቀጥላል። ያምራል። ሰብሳቢው ወላጆቹ ከጋይንቷ ነፋስ መውጫ፣ ከስማዳዋ ወገዳ ወይም ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የወጡ ሰው ከሆነና አልበሙን እስከ መጨረሻው ካገላበጠው ግን፣ ከአንድ ሺህ በላይ በሆነው ቴምብር ውስጥ ስለ እናት አባቱ አገር የሚነግረው አንድ እንኳ ላያገኝ ይችላል። እዚህ ላይ የሚቀርበው ሙግት አጭር ነው፤ እንዲህ ያለው ሰብሳቢ አልበሙን ማፍረስ አለበት። ከፈረሰው ውስጥ ጥቂቱን አስቀርቶ ስብስቡን በሦስቱ አገሮች ዙሪያ፣ ያውም በሥዕሉ ሳይሆን በፖስታውና በማኅተሙ ዙሪያ፣ እንደገና ማቆም ይገባዋል።

ሙሉ አገርን የመሰብሰብ ልማድ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። ልማዱ የካታሎግ ልጅ ነው። የእንግሊዙ፣ የአሜሪካውና የጀርመኑ ካታሎግ ለእያንዳንዱ ቴምብር ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ባዶ ቦታን ይፈጥራል፤ ባዶ ቦታው ሰብሳቢውን ያስጨንቀዋል። ሰውየው ከዚያ በኋላ የሚሰበስበው የወደደውን ሳይሆን የጎደለውን ነው። ይህን መንገድ እስከ ጫፍ የሄደበት ሰው ፊሊፕ ፎን ፌራሪ ይባላል፤ የኖረው በፓሪስ ነበር፤ የዓለምን ቴምብር በሙሉ ለመያዝ ተነሥቶ ሌላ ማንም ያልቀረበውን ያህል ቀርቦ ነበር። ዛሬ በዓለም ከታወቁት ብርቅ ቴምብሮች ሁለቱ፣ የብሪቲሽ ጉያናው ባለ አንድ ሳንቲምና ቢጫው የስዊድን ቴምብር፣ በእጁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሞት ስብስቡን ለበርሊን የፖስታ ሙዚየም ተናዝዞ ነበር፤ የፈረንሳይ መንግሥት ግን የጠላት ንብረት ነው ብሎ ወረሰውና ከ1921 ጀምሮ በተከታታይ ጨረታ በተነው። በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ንጉሥ አምስተኛው ጆርጅ የሰበሰበው የአገሩንና የግዛቶቹን ቴምብር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ገና አልጋ ወራሽ ሳለ ለአንድ የሞሪሸስ ቴምብር 1,450 ፓውንድ የከፈለው ለዚያው ወሰን ብሎ ነው። የእርሱ ስብስብ እስከ ዛሬ አንድ ላይ አለ። የፌራሪን የበተነው ፖለቲካ እንጂ ስፋቱ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ከተበተነ በኋላ አንድ ላይ ቢሆን ኖሮ ይናገረው የነበረ ነገር ጠፋ ብሎ የቆጨ ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ቴምብር በየገዢው ቤት ያንኑ ያህል ይናገራል። ስብስብ ሲበተን የሚጎድል እውቀት ካልኖረ፣ ሲሰበሰብም የተጨመረ እውቀት አልነበረም ማለት ነው።

የኢትዮጵያን ቴምብር በተለይ ስናይ የሙሉ አልበሙ ድካም ሌላም ጉዳት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በሉዊ ኤዥን ሙሾን ተቀርጸው ሲታተሙ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ ከሥራው ጀርባ ነበር። ከታተሙት ውስጥ ብዙው ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፍ ወደ አውሮፓ ሰብሳቢ እጅ ገባ። ስለዚህ ማኅተም ያልነካው የ1894 ቴምብር ዛሬ በቀላል ዋጋ ይገኛል፤ በእውነት መንገድ ሄዶ በእውነት እጅ የደረሰ ፖስታ ላይ ያለው ግን ብርቅ ነው። የ1919ኙ የእንስሳት ቴምብር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በኋላ በብዛት እንደገና ስለታተመ፣ ልጆች በሳንቲም የሚገዙት ቀጭኔ አብዛኛው ለፖስታ አገልግሎት ያልዋለ ነው። እንግዲህ አልበሙን የሚሞላው ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ለሰብሳቢ ተብሎ በተሠራ ወረቀት ላይ ነው። ያ ወረቀት የኢትዮጵያን ስም ይዞ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይውል፣ ከአውሮፓ ማተሚያ ወደ አውሮፓ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ማኅተም ግን ሌላ ምስክር ነው። ቴምብሩ መንግሥት ስለ ራሱ ሊናገር የወደደውን ይናገራል፤ ማኅተሙ መንግሥት በእርግጥ የት እንደደረሰ ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአገራችን ታሪክ ትልቅ ክፍል ነው። የምኒልክ ፖስታ ሲጀመር ሥራው የተዘረጋው በአዲስ አበባና በሐረር መስመር፣ ከዚያም ባቡሩ በደረሰበት በድሬዳዋ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የኢትዮጵያን ቴምብር ለጥፎ በጅቡቲ የፈረንሳይ ቴምብር ካልተጨመረበት ባሕሩን አይሻገርም ነበር። በቴምብሩ ላይ ያለው አንበሳ የሚናገረው ስለ መላው ኢትዮጵያ ነው፤ ማኅተሙ ግን ምሥራቁን መስመር እንጂ ጋይንትንና እስቴን የሚያዋስነውን የጉናን ተራራ አያውቅም። ጣሊያን ሲመጣም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የራሱን ንጉሥ መልክ ከኢትዮጵያ ስም ጋር አትሞ አወጣ፤ በ1938 ደግሞ የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ የሚል ቴምብር ተከተለ። ቴምብሮቹ አገሩ ሁሉ እንደተያዘ ይናገራሉ። ሦስቱ አገሮች በነበሩበት በቤጌምድር ያለው እውነት ግን ወራሪው በየምሽጉ፣ አርበኛው በየዱሩ መሆኑ ነበር። የዘመኑን ማኅተም በካርታ ላይ የሚያሰፍር ሰው ምሽጎቹን እንደ ነጠብጣብ ያያል፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የአርበኛው ነው። ይህን ሥዕል አንድ ገጽ የማኅተም ፖስታ ያሳያል፤ ሙሉውን የጣሊያን ቴምብር በተርታ የደረደረ አልበም አያሳየውም።

ወደ ጋይንት እንምጣ። በቴምብርና በዚህ አገር መካከል ያለው ግንኙነት ከምኒልክ ይቀድማል፤ መነሻው 1860 ዓ.ም. ነው። በመስከረም መጨረሻ አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሰባት ቶን ገደማ እንደሚመዝን የሚነገርለት መድፍ መንገድ በሌለበት አገር፣ አለት እየተፈለጠና ገደል እየተስተካከለ፣ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ትከሻ ተጎተተ። ጉዞው በጋይንት አልፎ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ አመራ፤ መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ተጋምሶ ነበር። በዚያው ሰሞን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ላይ ወርዶ ከሰሜን ወደዚያው ተራራ ይጓዝ ነበር። ይህ ጦር ከዝሆንና ከመድፍ ሌላ ፖስታ ቤት ይዞ መጣ። ወታደሩ ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ በሕንድ ቴምብር ይልካል፤ ቴምብሩም የዘማች ጦሩን ስም በሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማል። በኢትዮጵያ ምድር ሥራ ላይ ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እነዚህ የሕንድ ቴምብሮች ናቸው። በሌላ ወገን መቅደላ የታሠሩት የእንግሊዝ ልዑካን እነ ራሳምና ዶክተር ብላንክ ከምፅዋ ደብዳቤ የሚደርሳቸው በእግረኛ መልእክተኛ ነበር፤ ንጉሡም ቃላቸውን የሚያደርሱት በሰው ነው። ሁለት ሠራዊት ወደ አንድ ተራራ ሲሄድ አንዱ በቴምብር ይጽፋል፣ ሌላው በሰው እግር ይልካል። ስብስቡን በጋይንት ዙሪያ የሚያጠብ ሰው የመጀመሪያ ገጹን የሚጀምረው በምኒልክ ራስ ሳይሆን እዚህ ነው፤ በአንድ በኩል የሕንድ ቴምብር ከዘማች ማኅተሙ ጋር፣ በሌላው በኩል ባዶ ወረቀት ላይ የተሳለ የመልእክተኛና የመድፉ መንገድ ካርታ። የሕንዱን ፖስታ መግዛት ካልቻለ ቅጂውን ያስቀምጥ። ለገጹ ካርታው ይበቃዋል፤ ፖስታው ሲገኝ ይጨመራል።

ሁለተኛው ገጽ ከአልበሙ ሊተርፍ የሚገባውን፣ እኔ የማልለቀውን፣ አንድ ተከታታይ ቴምብር ይይዛል። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ቀድሞ በታተሙት የንግሥት ዘውዲቱና የንጉሥ ተፈሪ መልክ ባሉባቸው ቴምብሮች ላይ የአውሮፕላን ምስልና የዕለቱ መታሰቢያ ጽሑፍ ተደረበ። አሥር ዋጋ ነበራቸው። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ የቤጌምድሩ ገዢና የዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ በቤጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ በአንቺም ሜዳ ከማዕከላዊው ጦር ጋር ገጠሙ። አውሮፕላን በላያቸው መጣ። ከቦምቡ በፊት የወረደው ወረቀት ነበር፤ ራስ ጉግሣን የሚያወግዝ የቤተ ክህነት ቃል። ራስ ጉግሣ በዚያ ቀን ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። እንግዲህ እነዚያን አሥር ቴምብሮች በዓይናችሁ ፊት አድርጉ፦ የዘውዲቱ መልክ፣ የተፈሪ መልክ፣ በሁለቱም ላይ የተደረበ አውሮፕላን። የጋይንትና የእስቴ ገበሬ፣ የራስ ጉግሣ ወታደር ሆኖ የዘመተው ሰው፣ አውሮፕላንን ያወቀበት ቀንና ያ ቴምብር በአንድ ዓመት ውስጥ ናቸው። ቴምብሩ አንቺም አልደረሰም ይሆናል። ግን የመንግሥት ኃይል በአየር መምጣቱን ያወጀ ወረቀት ነው፤ ኃይሉ መጀመሪያ የወረደው ደግሞ በዚያ አገር ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ይገባል።

ይህን ካልሁ በኋላ የማስወጣውንም ማለት አለብኝ፤ የማጥበብ ሥራ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የአጼ ቴዎድሮስ ሞት መቶኛ ዓመት ሲታሰብ ቴምብር ወጥቷል። የጋይንት ልጅ ይህን ቴምብር ሊያስቀር ይጓጓል፤ መድፉ በአገሩ ስላለፈ መብት ያለው ይመስለዋል። የለውም። ቴምብሩ በወቅቱ የነበረው መንግሥት ቴዎድሮስን እንዴት ሊያስታውስ እንደፈለገ የሚናገር የአዲስ አበባ ወረቀት ነው፤ ስለ ጨጨሆ አይናገርም። ያው ቴምብር ከነፋስ መውጫ በተላከ ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ ከተገኘ ብቻ በክብር ይገባል። በቀይ ቀበሮውም ላይ ፍርዱ ይኸው ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቀይ ቀበሮ ቴምብር በሰብሳቢዎች ዘንድ ይወደዳል። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣው፣ እስቴን፣ ፋርጣንና ላይ ጋይንትን የሚያዋስነው ጉና ቀይ ቀበሮ ነበረው፤ በዚህ ክፍለ ዘመን ጠፍቶበታል። ጉዳቱ እውነት ነው፤ ሊጻፍም ይገባል። ሆኖም ቴምብሩ ስለ ጉና የሚለው ነገር ስለሌለ ሁሉንም የሚናገረው ከሥሩ የሚጻፈው ረጅም ማብራሪያ ይሆናል፤ ቴምብሩ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ጌጥ የሆነ ሁሉ ይውጣ። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ወረቀት ከዚህ ገጽ ቢወጣ ስለ እነዚህ አገሮች የምናውቀው ይቀንሳል ወይ?

በዚህ መለኪያ የሚቀር ነገር የለም የሚል ተቃውሞ ወዲያው ይነሣል፤ ከሁሉም ጠንካራው ይህ ነው። በሦስቱ አገሮች ፖስታ ቤት የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ገበሬው የሚጽፈው ጥቂት ነበር፤ የተጻፈውም በጢስና በዝናብ፣ በአይጥና በምስጥ ጠፍቷል። ታዲያ ሰብሳቢው ምን ይሰብስብ? መልሱ ወረቀቱ የሚፈለግበትን ቦታ በመለወጥ ይጀምራል። የተለመደው ሰብሳቢ ነጋዴን፣ ጨረታንና የዋናው ፖስታ ቤትን መስኮት ነው የሚጠብቀው። የጋይንት ፖስታ ግን ያለው በሰው ሳጥን ውስጥ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ የወረደ ወንድም፣ ወታደር የሆነ ልጅ፣ አዲስ አበባ ገብቶ የቀረ አጎት፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቆ ሩቅ አገር የተመደበ አስተማሪ፤ እነዚህ ሁሉ ጽፈዋል። በኢትዮጵያ ፖስታ ቤት ለቤት ስለማይታደል ደብዳቤው በስም ብቻ አይደርስም። ስለዚህ ከፖስታው ፊት በትምህርት ቤት በኩል፣ በቀበሌ ማኅበር በኩል፣ በባለ ሱቅ እጅ፣ በደብሩ አስተዳዳሪ በኩል እየተባለ ይጻፋል። ፖስታው ከነፋስ መውጫ በኋላ የገበያ ቀን ይጠብቃል፤ የአርብ ገበያ ወይም የወገዳ ገበያተኛ ይዞት ይሄዳል። ይህን ሁሉ በፖስታው ፊትና ጀርባ ማንበብ ይቻላል። በአንድ የተለመደ ቴምብር፣ ዋጋው እዚህ ግባ በማይባል፣ ካታሎግ በማይጨነቅበት ቴምብር ሥር፣ የአንድ ወረዳ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ንግድና ዝምድና ተጽፏል።

መንገዱን ካነሣን፣ ማኅተሙን በዘመን ለመክፈል የሚረዳን እርሱ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ከ1960ዎቹ (ዓ.ም.) መጨረሻ ጀምሮ በቻይና ባለሙያዎች ተሠራ፤ አገሬው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ከዚያ በፊት የጋይንት ደብዳቤ በእግርና በበቅሎ ወደ ደብረ ታቦር ወርዶ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ነበር የሚዞረው፤ ከመንገዱ በኋላ ምሥራቁም ተከፈተለት። ስማዳ ግን ከዚህ መንገድ ወደ ደቡብ ርቆ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ አዘንብሎ ነው ያለው፤ እስቴም በጉና ማዶ የራሱ አቅጣጫ አለው። ሦስቱ አገሮች ጎረቤት ሆነው ደብዳቤያቸው ሦስት የተለያየ ጉዞ ይጓዛል። በፖስታው ጀርባ ያለው የመተላለፊያ ማኅተምና በሁለቱ ማኅተሞች መካከል ያለው የቀን ርቀት ይህን ይነግረናል። ከአዲስ አበባ የተላከ ደብዳቤ ከመንገዱ በፊት ስንት ቀን ወሰደ፣ ከመንገዱ በኋላስ? በክረምት ጉና ሲደፈንስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን መዝገብ የሚገኘው በእነዚያው ፖስታዎች ላይ ነው። ሃያ ፖስታ ካለ ጥያቄው መልስ ይጀምራል፤ አንድ ሺህ አዲስ ቴምብር ግን አይመልሰውም።

ገበሬው አልጻፈም የሚለውን ደግሞ ለብቻው መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህ አባባል በአገሩ ላይ የተጣለ በደል ነው። ጋይንት የጽሕፈት አገር ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ድጓውን ይዞ እዚያ ሄዶ ካልተመሠከረለት የድጓ መምህር ለመባል ይቸገራል። ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ጉባኤ ነው። አይሪሹ ጸሐፊ ቶማስ ፓክንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ቤተልሔም ደርሶ በሣር ክዳኑ ክብ ቤት ውስጥ የተሸሸገውን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ለውጭው ዓለም ሲያስተዋውቅ እንደ ግኝት ተቆጠረለት፤ ለአብነት ተማሪው ግን ቦታው ከትውልድ ትውልድ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እዚያ የሚማር ሰው ብራና ይፍቃል፣ ይጽፋል፣ ምልክት ያነባል። ስለዚህ የጎደለው ጽሕፈት ሳይሆን ፖስታ ቤት ነው። ከዚህ የሚከተለው ለሰብሳቢው ከባድ ጉዳይ ነው፦ በስብስቡ ውስጥ ቴምብር የሌለበት ወረቀት ሊገባ ይገባል። ተማሪ ወደ አገሩ በሌላ ተማሪ እጅ የላከው፣ ይድረስ ብሎ ጀምሮ ሰላምታውን በግማሽ ገጽ የሚዘረጋ፣ በአራት ታጥፎ በክር የታሰረ ደብዳቤ ከፖስታ ታሪክ አንዱ ነው። የቴምብር ስብስብ ያለ ቴምብር እንዴት ይሆናል የሚል ይቆጣ ይሆናል። ነገር ግን ቴምብር ማለት የማድረሻ ክፍያ ደረሰኝ ነው፤ ክፍያው በጠላ፣ በዝምድና ወይም በእግዜር ይስጥልኝ በተከፈለበት አገር ደረሰኝ አይኖርም። የማድረሱ ሥራ ግን ነበረ።

ሌላው ተቃውሞ ጥበቱ ራሱ ነው። ለምን ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ብቻ? ደብረ ታቦር ትልቁ ከተማ፣ የራሶች መቀመጫ፣ የፖስታውም መገናኛ ሳለ እንዴት ይቀራል? አልፎስ የትውልድ መንደርን ብቻ መሰብሰብ አገርን መጥላት አይሆንም? ሁለተኛውን ላስቀድም። ሙሉ አልበም ያለው ሰው ኢትዮጵያን ይወዳል፤ አልጠራጠርም። ግን ኢትዮጵያን ከጉና ሥር የሚያይ ሰው የሚያያት ያችኑ አገር ነው፤ ከዚያ ሲታይ የሚገለጠው መልኳ ደግሞ በአዲስ አበባ የታተመው ቴምብር የሚያሳየው አይደለም። አንድ መቶ ሰው አንድ መቶ አካባቢ ቢሰበስብ ዛሬ ማንም የማያውቀው የአገሪቱ የደብዳቤ ካርታ ይወጣል፤ አንድ መቶ ሰው አንድ ዓይነት አልበም ቢሞላ ግን አንዱ የሌላው ቅጂ ከመሆን አያልፍም። ደብረ ታቦርን በተመለከተ፣ የሚቀረው ትልቅ ስለሆነ ነው። የከተማው ታሪክ ከገባ ከቴዎድሮስ እስከ ራስ ጉግሣ ያለው ሁሉ ይከተላል፤ ሦስቱ ገጠር አገሮች ዳር ይሆናሉ። ደብረ ታቦር በመተላለፊያ ማኅተም ይገባል እንጂ የራሱ ገጽ አይኖረውም። ፋርጣና ሊቦም እንዲሁ ከወሰኑ ውጭ ናቸው። ወሰን ላይ ቸልተኛ የሆነ ሰብሳቢ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ጀመረበት አልበም ይመለሳል።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር ብቻ ልበል። ጠባብ ስብስብ ገዢ የለውም ይባላል። ለብዙኃኑ ነጋዴ እውነት ነው። በዓለም አቀፍ የቴምብር ኤግዚቢሽን ግን የፖስታ ታሪክ ክፍል ሲዳኝ ከመቶው ነጥብ 35ቱ ለእውቀት፣ ለጥናትና ለምርምር፣ 20ው ለብርቅነት ይሰጣል፤ ለአቀራረብ ውበት የሚሰጠው 5 ነው። የጋይንት ፖስታ ከእውቀቱም ከብርቅነቱም በኩል የሚያሳፍር አይሆንም። የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን አማርኛ ማንበብ፣ የወረዳውን ሰው ማወቅና ደጅ መጥናት ስለሆነ፣ ባለ ጸጋው የውጭ ሰብሳቢ የማይቀድመን ምናልባት በዚህ ብቻ ነው።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚቆመው ማጥለቅ ነው። ልጆች ሁሉ የተማሩት ፖስታውን መቅደድ፣ ጥጉን በውሃ ማጥለቅ፣ ቴምብሩን ልጦ በጋዜጣ መካከል ማድረቅ ነው። በዚህ ልማድ ስንት የስማዳና የእስቴ ፖስታ እንደጠፋ ሳስበው እጅግ ያሳዝነኛል፤ ማኅተሙ ግማሽ ይሆናል፣ አድራሻው ይጣላል፣ በኩል የሚለው መስመር አብሮ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ማንም ያለው ቴምብር ነው። ፖስታው ሙሉ ሆኖ፣ ሙጫ ሳይነካው፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ወይም በንጹሕ የፕላስቲክ ኪስ ይቀመጥ። ማብራሪያው በእርሳስ በተለየ ወረቀት ይጻፍ፦ ከማን ቤት እንደተገኘ፣ ላኪው የት እንደነበር፣ ማን እጅ እንዳደረሰው። የመጨረሻውን መረጃ የሚሰጡት አረጋውያን ስለሆኑ ከቴምብሩ በፊት የሚቀድመው እርሱ ነው፤ ፖስታው ይቆያል፣ ያደረሰው ሰው አይቆይም። ከአልበሙ የወጣው ቀጭኔና ቢራቢሮ መጣል የለበትም፤ ለትምህርት ቤት ክበብ ቢሰጥ፣ ወይም ተሸጦ ገንዘቡ ለፖስታ ፍለጋ ቢውል መልካም ነው። አንዳንዱን ሰብሳቢው ከልቡ ይወደው ይሆናል፤ ያንን በሌላ ሳጥን ያስቀምጥ፣ ይውደደውም። ስብስቡ ግን ሳጥኑን አይጨምርም።

በውስጡ ያለው ደብዳቤስ? ይህ ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ፖስታውን የሚሰጥ ቤተሰብ ደብዳቤውንም አብሮ ይሰጣል፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን የዕዳ፣ የፍቺ፣ የሕመም፣ የመሬት ክርክር ጉዳይ አለ፤ ላኪው ወይም ልጆቹ በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። የፖስታ ታሪክ የሚጠይቀው ጉዞውን ነው፤ ጉዞው ደግሞ በፖስታው ላይ አለ። ስለዚህ ደብዳቤው ለባለቤቱ ይመለስ፤ ባለቤቱ አስቀምጥልኝ ካለ በተለየ ቦታ ይቀመጥ፣ ለእይታ አይውጣ። የሚያሳየው ገጽ ላይ የተቀባዩ ስም በወረቀት ቁራጭ ሊሸፈን ይችላል፤ በኩል የሚለው መስመር፣ ማኅተሙና ቀኑ ግን ይታዩ። ስሙ የተሸፈነ ፖስታ ለውድድር አይመረጥም የሚል ዳኛ ቢገጥመው ሰብሳቢው ውድድሩን ይተው እንጂ ወረቀቱን አያንሣ። ቤተሰቡ ሳጥኑን የከፈተለት አምኖት ነው፤ በስማዳም ሆነ በእስቴ የሚቀጥለው ሳጥን የሚከፈተው የመጀመሪያው እንዴት እንደተያዘ በገበያ ቀን ከተሰማ በኋላ ነው።